የገብረሚካኤል ማር

«ራስዎን ነቅንቀዋል።»

«አልነቀነቅሁም አልኩህ እኮ።»

«ያውም ሁለቴ። አጠገብዎ ቆሜ አላየሁም? ሴትዮዋስ ‹ይኸው መሰከሩልኝ› ብላ ለጎረቤት የተናገረችው እኔን አይታ ነው?»

ሀብተሥላሴ ምርኩዙን ጭቃው ላይ ተክሎ ቆመ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ከማንኪራ ወደ ቦንጋ የሚያወጣውን የእግር መንገድ አጨማልቆታል፤ ከዛፎቹ ቅጠል አሁንም ውሃ ይንጠባጠባል።

«እሺ ነቀነቅሁ። ምን ላድርግ? ልጅ ልንለምን ሄደን ‹ልጅሽ ሞቷል› ልበላት?»

«ዝም ይሉ ነበር። ዝም ማለቱን ድሮ ያውቁበት ነበር፣ ጋሼ።»

«አንተስ? በሬዲዮ የሰማኸው አንተ አይደለህም? አፍ አልነበረህም?»

«አፍማ ነበረኝ። ‹ከከፈትከው ከሚቀጥለው የምልምል ዙር ጋር ትዘምታለህ› ያለኝን ሰውዬም አልረሳሁትም።»

ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ከፊት ይራመዱ የነበሩት ቄስ ወልደ ማርያም ዞር አሉ። ሁለቱ ሰዎች ከኋላቸው የሚነታረኩት እስካሁን ስለ መንገዱ መስሏቸው ነበር።

«ማነው የሞተው?»

ነገሩን የጀመረው ጣሰው ሀብተሥላሴን አየ። ሀብተሥላሴ ጫማውን አየ።

«የልጅቷ አባት» አለ ሀብተሥላሴ። «ገብረሚካኤል። ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።»

*

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ወደ ማንኪራ የወረዱት ለከፈለኝ ሚስት ሊለምኑ ነበር። ከፈለኝ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ በሀብተሥላሴ ግቢ ከኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ናዝራዊት የምትባል፣ ቦንጋ ኮሌጅ የምትማር የማንኪራ ልጅ ወዶ፣ ወላጆቹ ሩቅ ስለሆኑ «እንደ አባት ሆነው ይለምኑልኝ» አለው ሀብተሥላሴን። ሀብተሥላሴ ያን ዕለት ከሳጥን የክት ጋቢውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

በደርግ ጊዜ የዚህ አካባቢ አስተዳዳሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ታስሮ ዘጠኝ ዓመት ከረመ፤ እሱ እስር ቤት ሳለ ባለቤቱ ሞተች። ከተፈታ በኋላ ወደ ቦንጋ ሲመለስ ሰው ክፉ ፊት አላሳየውም። ሰላምታ ይሰጡታል፣ ልቅሶ ሲደርስ ቦታ ይለቁለታል። ግን አንድም ሰው ለሽምግልና ጠርቶት አያውቅም። የተጣላ ሲያስታርቁ እሱን አልፈው ይሄዳሉ፤ ሠርግ ሲሆን ካርድ ይልኩለታል እንጂ «ይለምኑልን» አይሉትም። ስለዚህ ከፈለኝ «የልጅቷ አባት ወታደር ነበሩ፣ ያሳደገቻት አያቷ ናት» ሲለው ልቡ ቀዝቀዝ አለና፣ ከዚህ አገር ስንት ወታደር ሄዷል ብሎ አለፈው። የማን ልጅ ናት ብሎ አጥብቆ አልጠየቀም። መጠየቅ ነበረበት።

ሁለተኛው ስህተት የሰዓቱ ነው። ቄስ ወልደ ማርያም ረፋድ ላይ ክርስትና ስለነበረባቸው በጨለማ ተነሱ፤ ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት አወረዳቸውና ገና ጎህ ሳይቀድ ጫካውን አቋረጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በማለዳ፣ ዝም ብለው። የልጅቷ አያት የላቀች ጎረቤት ማሙሽ ላም ሲያወጣ አያቸውና፣ መርዶ መስሎት ለሴቶቹ ሊናገር ተመለሰ። ከአጥሩ በር ሲደርሱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተሰበሰቡ ነበር። ላቀች በበሯ ላይ ቆማ መቃኑን በሁለት እጇ ይዛለች።

በዚያ አገር የጋብቻ ሽማግሌም የመርዶ ሽማግሌም በማለዳ ነው የሚመጣው። የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። ለጋብቻ የመጣ «ተቀመጡ» ቢባል አይቀመጥም፤ ጉዳዩ እስኪሰማለት ቆሞ ይለምናል። መርዶ ይዞ የመጣ ግን ሳይጋበዝ ገብቶ ይቀመጣል፣ ባለ ሐዘኗንም ያስቀምጣል፣ ቆማ ሰምታ እንዳትወድቅ።

«ግቡ» አለች ላቀች። «ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ቄስ ወልደ ማርያም፣ የሆነውን ስላልተረዱ ፈገግ ብለው። «ቆመን የምንለምነው ጉዳይ አለን።»

ላቀች መቃኑን እንደያዘች ቁልቁል ተንሸራታ ደፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ትስቅ ጀመር። ሴቶቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሳቁ። «ነፍሳችንን አውጥታችሁት ነበር እኮ» አለች አንዷ። «ምን የጎደለባችሁ ሰዎች ናችሁ፣ ሠርግ ነው ብላችሁ ከሩቅ አትዘፍኑም?»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በደስታ ሄደ፣ መልሱ እስኪመጣ። ላቀች ስለ ከፈለኝ ሰምታለች፤ ልጁን አይታዋለች፤ ስለ እሱ ክፉ ቃል አይወጣትም። ነገር ግን ልጅቷ አባት አላት።

«አባቷ ሲመጣ እሱ ይሰጣታል። እኔ ጠባቂ ነኝ።»

ማሙሽ ከአጥሩ በኩል ከንፈሩን መጠጠ። ላቀች ሰምታዋለች።

«ምን ያስመጥጥሃል? ሞተ ያለኝ ሰው አለ? ማን አረዳኝ?» ከዚያ እጇን ወደ ሀብተሥላሴ ዘረጋች። «እኚህ ሰውዬ በሹመታቸው ጊዜ ቢሮአቸው በር ላይ ‹በሰላም አለ› ብለውኛል። ይኸው እግዜር እቤቴ ድረስ አመጣቸው። ይናገሩ እስቲ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ። አላሉኝም?»

ሀብተሥላሴ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ብለውኛል ያለችው እውነት ነው፣ ብሏታል።

ደስ ብሏት ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው። ከግድግዳው ጥግ በሰም የታሸጉ ገንቦዎች ተደርድረዋል። ገብረሚካኤል ከመሄዱ በፊት ቀፎ የሰቀለበት ረጅም ዛፍ ጫካው ውስጥ አለ፤ ማሙሽ በየዓመቱ ወጥቶ ማሩን ይቆርጥላታል፤ ከእያንዳንዱ ቆረጣ አንድ ገንቦ ለገብረሚካኤል ይቀመጣል። «ማር አይበላሽም» አለች ላቀች። «ሲመጣ ‹የኔስ የት አለ› እንዳይለኝ ነው።»

ናዝራዊት ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አያቷን አላየችም፤ ገንቦዎቹንም አላየችም። ሀብተሥላሴን ብቻ አየችው፣ የሆነ ነገር ይለኛል ብላ እንደምትጠብቅ ሰው።

*

ሀብተሥላሴ ይህን ሁሉ ለቄስ ወልደ ማርያም በወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነገራቸው። ጣሰው በመሃል አልገባም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የወሩን ስም አረመው።

ጦርነቱ በሰሜን በከፋበት ዓመት ነው። ከዚህ አካባቢ በብሔራዊ ውትድርና የሄዱ ልጆች የነበሩበት የጦር ክፍል አንድ ሌሊት ተመታ። ጠዋት የቢሮው ሬዲዮ ሠራተኛ የነበረው ጣሰው በመገናኛ ሬዲዮ የሟቾቹን ስም ተቀበለና ለሀብተሥላሴ በቃሉ ነገረው። በዚያው ሳምንት አዲስ ምልምሎች ከየቀበሌው ተሰብስበው ቦንጋ ይገቡ ነበር። ሀብተሥላሴ አሰበ። ዛሬ መርዶ ቢነገር ነገ ገበያው በሙሉ ልቅሶ ይሆናል፤ ምልምሎቹ ጫካ ይገባሉ፤ ጫካውን ደግሞ ከእነሱ በላይ የሚያውቀው ስለሌለ ማንም አያወጣቸውም። ዙሩ እስኪያልፍ ይቆይ አለ። ዙሩ አለፈ፤ ሌላ ዙር መጣ። በመሃል ላቀች በየገበያው ቀን ቢሮው በር ላይ እየቆመች ስለ ልጇ ትጠይቅ ጀመር። አንድ ቀን ለስብሰባ ቸኩሎ ሲወጣ «በሰላም አለ፣ እናቴ፤ ደብዳቤ ይመጣል» ብሏት መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርዶውን መናገር ውሸታምነቱንም አብሮ መናገር ሆነበት።

መንግሥት ወድቆ ሲታሰር ከሁሉ በፊት የተሰማው፣ ለማንም ያልተናገረው፣ እፎይታ ነበር። አዲሶቹ ይነግሯቸዋል ብሎ አሰበ። አዲሶቹ ግን የተሸነፈውን ጦር ሟቾች እየዞሩ የሚያረዱበት ምክንያት አልነበራቸውም። ፍርድ ቤት ስለ ብዙ ነገር ተጠየቀ፤ ለአንዳንዱ የሚመልሰው ነበረው፣ ለአንዳንዱ አልነበረውም። ስለዚህኛው ማንም አልጠየቀውም። አንዳንድ ሌሊት እስር ቤት ውስጥ አንድ ዳኛ ተነስቶ ቢጠይቀው ይመኝ ነበር።

ቄስ ወልደ ማርያም ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለሚካኤል በመጣች ቁጥር ‹ስሙን ጥሩልኝ› ትለኛለች። ይኸው ሃያ ዓመት ስሙን ከሕያዋን ጋር ስጠራ ኖሬአለሁ። ፍታት የለ፣ ተዝካር የለ። ከሕያዋን ጋር!»

«አባ፣ እኔም እኮ…» አለ ጣሰው።

«አንተ ዝም በል።»

ጣሰው ግን የሚናገረው ነገር ነበረው፤ ገበያ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚውል ሰው ነው፣ ሰውን ያውቃል። «አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብንነግራት ልጅቷን ለእኛ ልጅ የምትሰጥ ይመስላችኋል? ‹የልጄን ሞት የደበቀ ሰው ያመጣውን ሙሽራ› ነው የምትለው። የከፈለኝ ነገር እዚያው ያበቃል። ይህንን አስባችሁ ነው?»

ቄሱ ቆባቸውን መልሰው አጠለቁና ወደ ባጃጁ ወጡ።

*

ከፈለኝ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ፈተና ያርም ነበር። ሀብተሥላሴን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት፤ ፊቱን ሲያይ ግን «አልሰጡንም?» አለ።

«ቁጭ በል፣ ልጄ።»

ሁሉንም ነገረው። ሲጀምር ቶሎ የሚያልቅ መስሎት ነበር፤ ለካ ለዚህ ልጅ መናገር ለቄሱ ከመናገር ይከብዳል። ከፈለኝ አላቋረጠውም። ቀዩን እስክሪብቶ እየከፈተ ይዘጋል።

«አንድ ሐሳብ ላምጣ» አለ ሲጨርስ። «ሽማግሌ ቢጨመር፣ ናዝራዊትም ብትለምናት አያቷ እሺ ይላሉ። ዘንድሮ እንጋባ። ከሠርጉ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲረጋጋ፣ ያኔ ይነገራቸው። ከሠርጉ በኋላ ቢሆን ምን ይጎዳል?»

ሀብተሥላሴ ልጁን ትኩር ብሎ አየው። ደግ ልጅ ነው። ክፋት የለበትም።

«እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ። «‹ዙሩ ካለፈ በኋላ› ነው ያልኩት። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ ለሁሉም የሚሻል መስሎኝ ነበር።»

ከፈለኝ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንድ ባጃጅ ክላክስ እያሰማ አለፈ።

«ታዲያ ሌላ ሰው ይንገራቸው። ቄሱ ይንገሩ። እርስዎ ካልሄዱ እኮ…»

«ሌላ ሰው ቢነግራት አታምንም። ስንት ሰው ፍንጭ ሰጥቷታል፤ ሁሉንም በእኔ ቃል ነው የምትመልሰው። አለ ያልኳት እኔ ነኝ። የለም የምላትም እኔ መሆን አለብኝ።»

«ቢከለክሉኝስ?»

«ሊከለክሉህ ይችላሉ።»

ከፈለኝ ወረቀቶቹን ሰብስቦ አስተካከለ፣ እንደገና አስተካከላቸው። «ናዝራዊት ልጅ ሳለች» አለ፣ «ወታደር የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር አያቷ መንገድ ዳር ያቆሟት ነበር። አባቷ ፊቷን እንዲያይ። አባቷ አይቷት አያውቅም፣ በምን ያውቀኛል ብላ ትጨነቅ እንደነበር ነግራኛለች።» ተነሳ። «ቅዳሜ ጠዋት ከኮሌጅ እኔ አመጣታለሁ። ከናንተ በኋላ እንድትደርስ። ብቻዋን እንዳትሰማው።»

*

በተከታዩ ቅዳሜ እንደገና በጨለማ ወረዱ። ቄስ ወልደ ማርያም በዋዜማው ለማሙሽና ለቅርብ ጎረቤቶች ነግረው ነበር፤ ሴቶቹ ከማሙሽ አጥር ኋላ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ድምፅ የለም።

ላቀች ደጇን ስትጠርግ አገኟት። መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለችና ሳቀች።

«እናንተ ሰዎች አትታክቱም? ገና በሳምንቱ? ቁሙ እንግዲህ፣ ዛሬ እስከ ረፋድ አቆማችኋለሁ። እናንተ ጉልበታችሁ ጠንካራ ነው፣ እኔም ጊዜ አለኝ።»

ሀብተሥላሴ በአጠገቧ አልፎ ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ፣ በሩ ሥር ባለው መደብ ላይ ተቀመጠ፣ ምርኩዙን በጉልበቶቹ መሃል አኖረ።

ላቀች ከበሩ ውጭ ሆና አየችው። ሳቋ ፊቷ ላይ ጥቂት ቆየ።

«ይነሱ» አለች።

«ነይ፣ ግቢና ተቀመጪ፣ ላቀች።»

«ይነሱ እንጂ። ምን ሆነዋል? ሽማግሌ እንዲህ ይቀመጣል? ይነሱና ቆመው ይለምኑኝ።» ወደ ቄሱ ዞረች፤ ወደ ጣሰው ዞረች፤ እነሱም ገብተው ከሀብተሥላሴ ጎን ተቀመጡ። ድምፅዋ ተለወጠ። «ተነስ። እሰጣችኋለሁ። ልጅቷን እሰጣችኋለሁ፣ ዛሬውኑ፤ አባቷንም አልጠብቅም። ተነስ ብቻ። ቁምልኝ።»

ሀብተሥላሴ ሊነሳ ይችል ነበር። ጣሰው አጠገቡ ትንፋሹን ሲይዝ ተሰማው። ብድግ ቢል ሴትዮዋ ታምነው ነበር፤ ልጁም ሚስቱን ያገኝ ነበር፤ ቃል ሳይተነፍሱ ወጥተው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። ምርኩዙን ጨበጠ እንጂ አልተነሳም።

«ገብረሚካኤል ሞቷል» አለ። «በሄደ በዓመቱ፣ ግንባር ላይ። የሰማሁት ያኔውኑ ነው። ሳላረዳሽ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ላቀች መጥረጊያውን አልጣለችም። ይዛው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«በር ላይ ስትነግረኝ… ሞቶ ነበር?»

«ሞቶ ነበር።»

ሴቶቹ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነው በየቤቱ የሚሆነው ነው፤ የዘገየ ልቅሶ ስለሆነ ግን ማንም እንዲህ ያለ ልቅሶ ሰምቶ አያውቅም። ናዝራዊት ከከፈለኝ ጋር ስትደርስ ጩኸቱን ከጫካው ውስጥ ሰማችው፤ አልጮኸችም፤ ሮጣ መጥታ አያቷን ከኋላ አቀፈቻት። ላቀች በመሃል ቀና ብላ ሀብተሥላሴን አየችና «ውጣ ከቤቴ» አለችው። ወጣ።

ወደ ቦንጋ ግን ወዲያው አልተመለሰም። ከአጥሩ ውጭ፣ የልቅሶው ድንኳን ከሚያበቃበት ወዲያ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልቅሶው እስኪያበቃ በየጠዋቱ እየመጣ እዚያው ዋለ። መጀመሪያ ማንም አላየውም፤ ንፍሮ የሚያዞሩት ልጆችም እሱ ጋ ሲደርሱ ይመለሳሉ። ጣሰው ድንኳን ውስጥ ቦታ ነበረው፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። «ውስጥ ይሞቃል» አለ።

ከዋጫ ከተማ ፀዳለ መጣች። የገብረሚካኤል ሚስት፣ የናዝራዊት እናት ነበረች። ጥቂት ዓመት ጠብቃ ሌላ አግብታ ስትሄድ፣ ላቀች ልጅቷን አስቀርታ «ባሏ በሕይወት እያለ» ብላ ረግማታለች፤ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ፀዳለ በሩ ላይ ቆማ መግባት ፈራች። ላቀች ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ሄደች፣ እጇን ይዛ ጎተተቻት፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት። «አንቺ ትክክል ነበርሽ» የሚል ነገር አልተናገረችም። ነጠላዋን ብቻ አልብሳት አብረው አለቀሱ።

የመጨረሻው ቀን ላይ ንፍሮ በሣህን ይዛ ወደ ድንጋዩ የመጣችው ፀዳለ ናት። ከእሷ ኋላ ከማዶ መንደር የመጣች አንዲት አሮጊት ነበረች።

«የኔስ ልጅ?» አለች አሮጊቷ። «ሣህሌ ይባላል። አብረው ነው የሄዱት።»

ሀብተሥላሴ ጣሰውን አየው። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ በድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀላት። አሮጊቷ ቦታውን አየች፣ እሱን አየች፤ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

*

በአርባው ቀን፣ ፍታቱና ተዝካሩ ካለፈ በኋላ፣ ቄስ ወልደ ማርያም ሀብተሥላሴ ቤት መጡ። «ያ ሰውዬ ይምጣ ብላለች። ጣሰውም።»

ላቀች በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጥቁር ለብሳለች፣ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ሰው ያስቆማል። ሀብተሥላሴ የት እንደሚቆም አላወቀም።

«ብዙ አስቤበታለሁ» አለች። «ሌላ ሽማግሌ ይላክ ልል ነበር። ግን ለካ ሰው ሁሉ ጠርጥሮ ነበር። ማሙሽ ጠርጥሮ ነበር። ይህቺ ልጅ ራሷ ጠርጥራ ነበር፣ እንዳይከፋኝ ብላ ዝም አለች። በሩን አልፎ የተቀመጠልኝ አንተ ብቻ ነህ። ዘገየህ እንጂ።»

«ዘገየሁ» አለ ሀብተሥላሴ።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አላልሽኝም።»

«ገና ነው። ምናልባት አንድ ቀን። አሁን ግን አልቀመጥም በል።»

አልገባውም።

«እንዴት ያለ ሽማግሌ ነው?» አለች ወደ ቄሱ ዞራ። «መቆምም ይማራል? ያ አስተማሪ ልጄን ይፈልጋል አይደል? ቁሙና ለምኑኝ!»

ቆሙ። ቄሱ ተናገሩ፣ ጣሰው ተናገረ፣ ሀብተሥላሴ ተናገረ። ላቀች ስለ ከፈለኝ አገር፣ ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ጥርሱ ሳይቀር ጠየቀች። ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ወጣች።

«ጉልበቴ» አለ ጣሰው በሹክሹክታ።

«ሰማሁህ» አለች ላቀች። «እኔ ሃያ ዓመት ቆሜአለሁ። ቁም።»

ናዝራዊት በጓዳው በር ብቅ ብላ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ ነው ላቀች «እሺ» ያለችው። ያለችውም ለሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ ጓዳ ዞራ ለልጅቷ ነው፦ «እሺ ብያለሁ። ገንቦዎቹንም ክፈቺ። ለሠርጉ ጠጅ ይጣልበት። አባትሽ የሰቀለው ነው፣ ሌላ የሚሰጥሽ ነገር የለውም።»

*

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር። የከፈለኝ እናትና አባት ከጎጃም አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ፤ አባቱ ጠጁን ቀምሰው «ይህ ማር ከየት ነው?» እያሉ ያገኙትን ሁሉ ጠየቁ፣ ሁሉም የየራሱን መልስ ሰጣቸው። ማሙሽ ዛፉን ሊያሳያቸው ቃል ገባ፤ ቀፎዎቹን ከእንግዲህ ከፈለኝ ሲቆርጥ ሊያይ እንደሚፈልግ ተናግሮ ሰው ሁሉ ሳቀበት፣ አስተማሪው ደረጃ ላይ እንኳ ተጠንቅቆ ነውና የሚወጣው።

ለሀብተሥላሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቦታ ተሰጥቶታል። ላቀች በአጠገቡ ስታልፍ ብርሌውን አየችና «ባዶ ነው» ብላ ራሷ ቀዳችለት። ሌላ ነገር አላለችም። ጠጁ ጣፋጭ ነበር፣ ከሥሩ ግን ትንሽ የጫካ መራራነት አለው። በቀስታ እስከ መጨረሻው ጠጣው።

ከዚያ ጣሰውን በአጥሩ በር አየው፤ ጃኬቱን ለብሶ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዞ። ወደ ዋጫ የሚሄደው ሚኒባስ ከቦንጋ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ከዋጫ ወዲያ በእግር የሚኬድ አንድ መንደር አለ፤ ከሟቾቹ የአንዱ እናት እዚያ በሕይወት እንዳለች፣ የልጇን አልጋ እስካሁን እንደምታነጥፍ ፀዳለ ጠይቃ አምጥታላቸዋለች። ዋጫ አድረው ማለዳ ሊያረዷት ይሄዳሉ።

ሀብተሥላሴ ብርሌውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ምርኩዙን አነሳ። ላቀችና ፀዳለ የሙሽራዋ ነጠላ እንዴት መሆን እንዳለበት ይከራከራሉ፤ ከፈለኝ በማሙሽ ተጎትቶ ጭፈራው መሃል ገብቷል፤ ቄስ ወልደ ማርያም ለጎጃሙ አባት ስለ ደብሩ ታሪክ እያወሩ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአጥሩ በር ወጥተው የጫካውን መንገድ ያዙ። ከኋላቸው ከበሮው ቀጠለ።